ለውሻ የሚሆነው የክሎርሄክሲዲን የአፍ ማጠቢያ፦ አቅሙ እስከ ምን ድረስ ነው?

ይህ ግምገማ የሚመለከተው 0.12 በመቶ ክሎርሄክሲዲን (ባክቴሪያ ገዳይ ንጥረ ነገር) የያዘውንና ለውሾች ተብሎ የተዘጋጀውን የአፍ ማጠቢያ ነው። የመዘንኩትም ሥር የሰደደ የአፍ ቁስለት ባለባት ማልቲስ ውሻችን ላይ ነው፤ ይህ ዝርያ ከካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል ጋር ሕመሙ ጎልቶ ከሚታይባቸው መካከል ይቆጠራል።

ማጠቢያውን በአግባቡ ለመመዘን የሕመሙን ጠባይ መረዳት ግድ ይላል። ቁስሉ በአብዛኛው የሚወጣው የጉንጭና የከንፈር ውስጠኛ ክፍል ከጥርስ ጋር በሚነካካበት ቦታ ሲሆን፣ የሰውነት መከላከያ ጥርስ ላይ ለተለጠፈው የባክቴሪያ ሽፋን ከልክ ያለፈ ምላሽ በመስጠቱ እንደሚመጣ ይታሰባል። ከቁስሉ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቲ እና ቢ ሊምፎሳይቶች (የሰውነት መከላከያ ነጭ የደም ህዋሳት)፣ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመነጩ ፕላዝማ ህዋሳትም ተከማችተው ይገኛሉ። ብግነትን (የአካል መቆጣትንና ማበጥን) ከሚያባብሱት፣ ኢንተርሉኪን 17 የተባለውን መልእክተኛ ፕሮቲን ከሚያመነጩት ህዋሳት ጎን፣ ብግነትን ማብረድ የሚገባቸው ተቆጣጣሪ ቲ ህዋሳትም እዚያው መታየታቸው ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርም ነው።

ክሎርሄክሲዲን በእነዚህ ህዋሳት ላይ ሥልጣን የለውም፤ ሥራው የሚቀሰቅሳቸውን ባክቴሪያ መቀነስ ነው። ይህንን ደግሞ በሚገባ ይሠራል፤ አፍ ውስጥ ተጣብቆ ለሰዓታት ስለሚቆይ የውሻችን የአፍ ጠረን ቀንሷል፣ ድዷም እንደ ቀድሞው ቶሎ አይደማም። ሆኖም መራራ በመሆኑ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ከጉንጯ ሥር ማፍሰስ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሲዘወተርም ጥርስን ያበልዛል። ማሸጊያው ላይ «ቁስል ያድናል» ተብሎ የተጻፈው ግን የተጋነነ ነው፤ የደረቀውን የጥርስ ቆሻሻ ማጠቢያ አያነሣውም፣ በሙሉ ማደንዘዣ በባለሙያ መጠረግ አለበት፤ አንዳንዴም ቁስሉን የሚነኩትን ጥርሶች መንቀል ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጥርሷ በሐኪም ለተጠረገላት ውሻ በየዕለቱ ለመጠቀም እንዲገዛ እመክራለሁ። በሰው አፍ ማጠቢያ መተካት ግን አይገባም፤ አንዳንዱ አልኮል፣ አንዳንዱም ለውሻ መርዝ የሆነውን ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ይይዛልና። ካንሰርና ፔምፊገስም (የሰውነት መከላከያ ቆዳንና የአፍን ሽፋን የሚያጠቃበት ሕመም) ተመሳሳይ ቁስል ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ ናሙና ሳይመረመር በማጠቢያ ብቻ ወራትን ማሳለፍ አደገኛ ነው።