ጅማ ውስጥ የሰርቨርና የባካፕ ሰው ለምትፈልጉ

ሰላም የጅማ ልጆች፣ ዛሬ አንድ ልጅ በአደባባይ ላመሰግን ነው፣ ስሜን አትጥቀሺ ብሎ ስለለመነኝ ስሙን ትቼዋለሁ።

ቢሯችን 3 ሰርቨር አለ፣ ባካፕ (የዳታ መጠባበቂያ ቅጂ) የምንይዘው ግን 2 ድራይቭ (ቴፕ ላይ የሚጽፍና የሚያነብ ክፍል) ባላት አንዲት ቴፕ ላይብረሪ፣ ማለትም ብዙ የቴፕ ካሴት በምትይዝ ማሽን ነው። ድሮ ዳታው በኔትወርኩ ሲሄድ ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ሰራተኛ ሲገባም አያልቅም ነበር፣ ኋላ ላይብረሪዋን ፋይበር ስዊች (ሰርቨርና ማከማቻን የሚያገናኝ ፈጣን መስመር) ላይ ሰክተው 3ቱም ሰርቨር በቀጥታ እንዲጽፍባት አደረጉልን፣ ፈጠነ፣ እኛም እፎይ አልን። ከዚያ አንድ ቀን የደሞዝ ፋይል ጠፋ፣ ከቴፕ እንመልስ ብለን ብንከፍተው በቦታው ያለው የሌላ ሰርቨር ዳታ! ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ልጁ በዚያ ዝናብ ከጅማ መርካቶ በባጃጅ መጣ። ባካፑ ተሳክቷል የሚለውን ሪፖርት ብናሳየው አላየውም፣ "እሱን ተዉት፣ አንድ ፋይል መልሱልኝ" አለ። ቀጥሎ መብራት መቼ መቼ እንደሚሄድ ጠየቀን፣ እኔ ምን አገናኘው ብዬ ነበር፣ ለካ የአንዱ ሰርቨር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ) ደክሞ እሱ ብቻ ይጠፋል፣ ተመልሶ ሲነሳ ደግሞ የሚታየውን ድራይቭ ሁሉ ይነካካል፣ ሌላው እየጻፈበት ያለውን ቴፕ ወደ መጀመሪያው ያጠነጥነዋል፣ የሚጽፈውም ሳያውቅ ከመጀመሪያው ላይ ይቀጥላል። የኛ ደሞዝ እንዲህ ነው የተበላው።

ከዚያ ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ በስልኩ መብራት ሰርቨሮቹን ከፋይበሩ ጋር የሚያገናኘውን የየካርዱን መለያ፣ 16 ፊደልና ቁጥር፣ እያነበበ፣ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ ኬብሎቹ ላይ ጠቀለለ፣ እስከ ዛሬ አለ። እያንዳንዱን ሰርቨር ስዊቹ ላይ ለየብቻው ዞን (ከሌሎቹ ሰርቨሮች የሚለየው የራሱ መንገድ) አደረገለት፣ ዲስክና ቴፕ በአንድ ካርድ እንዳያልፉ ለየ፣ የባካፕ ሶፍትዌሩ ላይ የድራይቭ ማጋሪያውን ከፍቶ ተራ የሚሰጠው አንድ ሰርቨር ብቻ እንዲሆን አደረገ፣ አንዱ የያዘውን ድራይቭ ሌላው እንዳይነካ ሪዘርቬሽን አበራ። ሊኑክስ የተጫነባቸው ሰርቨሮችም ሪስታርት ሲያደርጉ የድራይቮቹ ስም ይቀያየር ነበር፣ እሱንም በሲሪያል ቁጥራቸው አሰረው። ስንቱ ባለሙያ ነው ሰክቶ ሰራ ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ የሚሄደው!

ቅዳሜ ተመልሶ መጣና ባካፕ እየሄደ እያለ አንዱን ሰርቨር አጥፉት አለን፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ አጠፋሁት፣ አስነሳነው፣ ቴፑ ምንም ሳይሆን ጨረሰ። ከ3ቱም አንዳንድ ፋይል አስመልሶ ከፍተን ካየን በኋላ ነው ሂሳቡን የተቀበለው። የጠፋውን የአንድ ወር ደሞዝ ከወረቀት መልሰን አስገባነው፣ እሱን ማንም ሊያመጣው አይችልም ነበር።

ጅማም ሆነ አጋሮ፣ በደሌ ያላችሁ፣ አንድ ቴፕ ለብዙ ሰርቨር የምትጠቀሙ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፣ እናትህን ያኑርልህ 🙏