የመስኮት ኤሲ ወይስ ስፕሊት? መሃል አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው

ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ሜክሲኮም ይሁን ሰንጋ ተራ፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ከሰዓት በኋላ ቤቱ መቀመጥ ያቅተዋል። ኤሲ ለመግዛት ከወሰናችሁ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት መስኮታችሁን እዩት።

የመስኮት ኤሲ ሁሉ ነገሩ በአንድ ሳጥን ውስጥ ነው። ግድግዳ አይበሳም፣ የሚያቀዘቅዝበት ጋዝ ተሞልቶለት ነው የሚመጣው፣ ቤት ስትለቁ ነቅላችሁት ትሄዳላችሁ። ግን ብዙዎቹ የተሠሩት ወደ ላይ ለሚከፈት መስኮት ነው። የእኛ መስኮት ደግሞ ወይ ወደ ጎን የሚንሸራተት አሉሚኒየም ነው፣ ወይ ወደ ውጭ የሚከፈት ብረት ሆኖ ፍርግርግ አለው። ስለዚህ በያጅ ጠርታችሁ ፍርግርጉን ማስቆረጥ፣ ከውጭ ጠንካራ መደገፊያ ማስበየድ፣ የተረፈውን ክፍተት በሰሌዳና በሲሊኮን መዝጋት አለ፤ ይሄ ሁሉ ከኤሲው ዋጋ ጋር ይደመር፣ አከራይም ይጠየቅ። መደገፊያው ላይ አትቆጥቡ። ከሥር ሰው ያልፋል።

ስፕሊት ሁለት ሳጥን ነው፤ አንዱ ቤት ውስጥ፣ ሌላው ውጭ ሆነው በቱቦ ይገናኛሉ። ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ውጭ ስለሆነ መኝታ ቤት ውስጥ ድምፁ አይረብሽም። ኢንቨርተር ከሆነ፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት እንደ አስፈላጊነቱ የሚቀንስና የሚጨምር ከሆነ፣ መብራትም ይቆጥባል። ግን ግድግዳ ይበሳል፣ ቱቦው በቫኪዩም ፓምፕ አየሩ መውጣት አለበት፣ ቤት በቀየራችሁ ቁጥር ባለሙያ ያስፈልጋል። ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ ያለማመንታት ስፕሊት ውሰዱ። ተከራይ ከሆናችሁና መስኮቱ የሚመች ከሆነ የመስኮቱ ያዋጣችኋል።

ለአንድ መካከለኛ ክፍል 9000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ይበቃል። ሲሠራ ከ800 እስከ 1000 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ሲነሳ ግን ለቅጽበት ከዚያ በጣም ይበልጣል፤ ስለዚህ በዲቫይደር አትሰኩት፣ ምጣድ ካለበት መስመርም ለዩት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፕረሰሩ ወዲያው እንዳይነሳ ሦስት ደቂቃ የሚያዘገይ ስታቢላይዘር ግዙለት። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከውን ኤሲ ግን ይቅርባችሁ። 115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፣ የእኛ ደግሞ 50 ነው። ሞተሩ ቀስ እያለ እየጋለ ይሠራል።

የመስኮቱን ኤሲ ስትገጥሙት የኋላው ወገን ከፊቱ ትንሽ ዝቅ ይበል። ውሃ ወደ ቤት የሚንጠባጠበው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ስለተረሳ ወይም የመውረጃው ቀዳዳ ስለተደፈነ ነው። ማቀዝቀዝ ከቀነሰ መጀመሪያ ፊልተሩን አውጥታችሁ እጠቡ፤ ግንባታ በየመንገዱ ባለበት ከተማ አቧራው ቶሎ ይደፍነዋል።

ኤሲው በረዶ መሥራቱ ሌላው የእኛ ከተማ ጣጣ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ውጭው ከ18 ዲግሪ በታች ሲወርድ የመስኮት ኤሲ ኮምፕረሰር ማስኬድ ጥሩ አይደለም፣ ቱቦዎቹ ላይ በረዶ ይጋገራል። እንዲህ ሲሆን ማቀዝቀዙን አጥፉና በፋን ብቻ እስኪቀልጥ ተዉት። እንዲያውም ሙቀቱ የሚያስቸግራችሁ ማታ ብቻ ከሆነ ኤሲም አያስፈልጋችሁም፤ መስኮቱ አጠገብ የውጭውን ቀዝቃዛ አየር የሚስብ ደህና ፋን አቁሙ፣ በጥቂት ብር ትገላገላላችሁ።

ፊልተሩ ንጹህ ሆኖ በቀንም በረዶ ከሠራ ጋዙ አንሶ ሊሆን ይችላል። ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከቀነሰ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። የሚያፈስበትን ሳያሳያችሁ እሞላለሁ ለሚል ሠራተኛ ብር አትክፈሉ።