«የኛ 60 ነው የፈረንጅ 60?»

ይህን ከመለጠፌ በፊት መኪናዬን የሠሩልኝን መካኒክ ፈቃድ ጠይቄአቸዋለሁ። «ስሜን ካልጻፍሽ ጻፊ» አሉኝ። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

ነገሩ የጀመረው በአባቴ ቮልስ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስወርድ ነው። ስድስት ኪሎ ስደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምኩ። ፍሬኑን ረግጬ ይዣለሁ። ፔዳሉ ግን ከእግሬ ስር ቀስ እያለ ይሰምጣል። ደጋግሜ ስረግጠው ይነሳል፣ ስይዘው ደግሞ ይወርዳል። ቤት ገብቼ የፍሬን ዘይቱን ባየው አልጎደለም። ከስርም ጠብ ያለ ነገር የለም።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ፣ ስሙ ይቅር፣ ማስተር ሲሊንደሩን፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን፣ ፈትቶ ጎሚኒ ቀየረልኝ። ሦስት ሳምንት ሠራችና ያው ሆነች።

ጋሼ ጋ የላከችኝ ጎረቤቴ ናት። ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ ሁለት መኪና በግድ የምትይዝ ግቢ አለቻቸው። ሲሊንደሩን ፈትተው ውስጡን በጨርቅ ወለወሉና ትንሿን ጣቴን አስገብቼ እንድዳስሰው አደረጉኝ። ይሻክራል። «ዝገት በልቶታል ልጄ። አዲስ ጎሚኒ ብታስገቢም ይፈጨዋል።» ዘይቱ ለካ ወደ ውጭ ሳይወጣ፣ በጎሚኒው ጎን እየሾለከ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር።

አዲስ መግዛት ግድ ሆነ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። አባቴ ሁሌ «የ60 ሞዴል ናት» ይል ነበር። ፍራንክፈርት ላለው የአክስቴ ልጅ እንደዚያው ነገርኩት። እሱም 1960 ብሎ አዘዘና ለፋሲካ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ጋሼ ካርቶኑን ከፍተው አዩትና ሳቁ። «የኛ 60 ነው የፈረንጅ 60?»

አባቴ እኮ በፈረንጅ ቆጥሮ አያውቅም! ጋሼ የኋላውን ወንበር አነሱና መሃል ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር አሳዩኝ። በ118 ይጀምራል። በፈረንጅ ከ1965 ሞዴል ወዲህ ባሉ ቮልሶች ሦስተኛዋ ቁጥር ዓመቱን ትናገራለች። 8 ማለት የ1968 ሞዴል ነው፣ በኛ 1960 መሆኑ ነው። የፈረንጅ 1960 ሲሊንደር ግን አራቱንም ጎማ በአንድ መስመር ነው የሚገፋው፤ አንድ ቦታ ከፈሰሰ ሁሉም ይሄዳል። የኔዋ ባለሁለት መስመር ናት፣ የፊቱ ለብቻ፣ የኋላው ለብቻ።

ጋሼ ዓመቱንም ቢሆን ብቻውን አላመኑትም። በዚያው ዓመት ባለአንድም ባለሁለትም ወጥቷል፣ «ስሯ ያለውን አይተሽ ነው የምትገዢው» አሉኝ። አሮጌውን በሽቦ ብሩሽ ሲፈገፍጉት 19.05 የሚል ቁጥር ከብረቱ ላይ ብቅ አለ። የውስጡ ስፋት በሚሊሜትር መሆኑ ነው። በካሊፐርም ለኩት። የአራቱም ጎማ ፍሬን ታምቡር እንጂ ዲስክ አለመሆኑን ጨምሬ ለአክስቴ ልጅ እንድጽፍ ነገሩኝ፣ ለዲስክ የሚሠራው ውስጡ ይለያል።

እስከዚያው ሶማሌ ተራ ዞሬ ነበር። አንዱ ሱቅ ባለ 20.64 አገኘሁ። ሻጩ «ትልቅ ስለሆነ ፍሬኑ ይጠነክራል» አለኝ። ጥሩ መሰለኝ። ከፍዬ ልወስደው ስል ለጋሼ ደወልኩ።

«ተዪው። ስትመጪ ከፋርማሲ ሁለት ሲሪንጅ ይዘሽ ነይ፣ ትልቅና ትንሽ።»

ይዤ ሄድኩ። ውሃ ሞሉባቸውና በቀጭን ጎማ አገናኟቸው። ትልቁን ለኔ ሰጡኝ፣ ትንሿን እሳቸው ያዙ። «ግፊ፣ እኔም እገፋለሁ።» በአውራ ጣቴ ብታገል ብታገል የኔው ወደ ኋላ እየመጣ መዳፌን ገፋኝ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ አሸነፉኝ። ሲሊንደሩ ሲሰፋ ፔዳሉ አጭርና ደረቅ ይሆናል፣ ጠንካራ ይመስላል፤ ግን ለዚያው ፍሬን እግርሽ የበለጠ መግፋት አለበት። ከ19.05 ወደ 20.64 ያለው ልዩነት ሁለት ሚሊሜትር አይሞላም። ዘይቱን በሚገፋው ክብ ገጽ ስፋት ሲሰላ ግን 17 በመቶ ያህል ነው። ቮልስ ደግሞ እግር የሚያግዝ ሰርቮ የላትም።

በኋላ እንደሰማሁት ሻጩ ወዳጃቸው ነው። ዝም ቢሉ ኮሚሽናቸውን ያገኙ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ትክክለኛውን ገዝቶ በሰው ላከልኝ። የገጠሙት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ፔዳሉን በእጃቸው ትንሽ ገፋ አድርገው የግፊት ዘንጉ ፒስተኑን ከመንካቱ በፊት አንድ ሚሊሜትር ያህል ክፍተት እንዳለው ሦስት ጊዜ አዩ። ክፍተቱ ከጠፋ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው አይመለስም፣ ሲሞቅም ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። የዘይቱን ጠርሙስ አዲስ ነው የከፈቱት፣ ክፍቱ እርጥበት ይጠጣል ብለው። ከዚያ እኔን አስቀምጠው አየር ማስወጣት ጀመሩ፣ ከቀኝ የኋላ ጎማ፣ ከሲሊንደሩ ከሚርቀው። «ርገጪ... ያዢ... ልቀቂ።» እግሬ ዛለ። እሳቸው ከስር ተኝተው ዘፈን ያንጎራጉራሉ።

ያስከፈሉኝ የእጃቸውን ብቻ ነው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ ቮልስም ባይሆን፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻቸውን እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ግቢዋ ይሞላል። የ1960ው ሲሊንደር ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ አለ፣ ባለአንድ መስመር ቮልስ ያለው በገዛሁበት ይውሰደው።