የፓትሮል ቸርኬ ለአሮጌ ሃይሉክስ፦ ስላሠራሁባቸው ቤቶች

አገር ቤት ለእረፍት ስገባ የአባቴን አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ እግር ማስቀየር ነበረብኝ። ቸርኬዎቹን (ጎማው የሚለብስባቸውን ብረቶች) ዝገት በልቷቸዋል፣ ጎማውም አየር አይዝም። ከኒሳን ፓትሮል የወለቁ አራት ባለ 16 ኢንች ቸርኬዎች ከነጎማቸው አገኘን። ያሠራሁባቸው ቤቶች ልዩነት የሰማይና የምድር ስለሆነ አስተያየቴን ልጻፍ።

የመጀመሪያው ጎሚስታ ቸርኬውን ሞዞው ላይ (ቡሎኖቹ ያሉበት፣ ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ሰቀለው፣ ስድስቱም ቡሎን ገባ። "ልክክ ብሏል፣ እንሰረው" አለ። እርግጥ ነው፣ የሁለቱም ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ክብ 139.7 ሚሊሜትር ነው። (ኒሳን ሁሉ እንደዚያ እንዳይመስላችሁ፤ ናቫራ ዲ40 ስድስት ቀዳዳ ቢኖረውም 114.3 ስለሆነ በጭራሽ አይገባም።) ጣጣው ዳዶው ላይ ነው። ልጁ ከፓትሮሉ ጋር የመጡትን ዳዶዎች አንስቶ በአየር ማሽን ሊያስር ሆነ። የፓትሮሉ ዳዶ ጥርስ 12 በ1.25 ነው (ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25)፣ የሃይሉክስ ቡሎን ደግሞ 12 በ1.5። በእጅ ሲሞከር ትንሽ ይሄድና ይነክሳል። "በማሽን ይገባል" አለኝ። ይገባል፣ ግን የቡሎኑን ጥርስ እየበላ ነው የሚገባው፤ እንዲህ የታሰረ ጎማ መንገድ ላይ ቢወልቅስ? አስቁሜው ወጣሁ። ማንም እዚያ ቤት ሄዶ እንዲያሠራ አልመክርም።

ሁለተኛው አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ያሉበት ጋራዥ ነው። ጋሼ ምንም ሳያስሩ በፊት መለኪያ አወጡ። የፓትሮሉ ቸርኬ የመሃል ቀዳዳ 110 ሚሊሜትር፣ የሃይሉክሱ ሞዞ 106። "አራት ሚሊ ይጫወታል ልጄ። ዳዶው ወደ መሃል ቢስበውም ሞዞው ላይ ቁጭ ቢል ይሻላል" አሉና ቶርኖ ቤት ላኩኝ። የቶርኖው ልጅ ከአሉሚኒየም አራት ቀለበት አወጣልኝ። የመጀመሪያውን ብናኙን እፍ ብሎ ቸርኬው ውስጥ አስገባው፣ በመዳፉ መታ መታ ሲያደርገው ጠቅ ብሎ ተቀመጠ፣ ብነቀንቀው ንቅንቅ አይልም። እጁ የተባረከ ነው።

ዳዶ ስትገዙ ጋሼ ያሉኝን ያዙ፦ ጥርሱ የሞዞው ቡሎን ይሁን፣ መቀመጫው (ቸርኬው ላይ የሚያርፈው የዳዶው ፊት) የቸርኬው ይሁን። ብዙ የቶዮታ አሉሚኒየም ቸርኬ ጠፍጣፋ ዋሸር ባለው ዳዶ ነው የሚታሰረው፣ ያ ዳዶ ሾጣጣ ቀዳዳ ላይ አይቀመጥም። እሳቸው ቀዳዳው አፍ ላይ ቀለም ቀብተው ዳዶውን በእጅ አጠበቁና መልሰው ፈቱት። ቀለሙ ዳዶው ላይ ዙሪያውን እኩል ታትሟል። እኔ እንዲህ የሚያረጋግጥ ሰው ውጭም አላየሁም።

ከዚያ መሪውን ጥግ ድረስ አዞሩት። ቸርኬው ከድሮው ይልቅ ወደ ውጭ ስለሚወጣና ጎማውም ሰፊ ስለሆነ የጭቃ መከላከያውን ላስቲክ ነካ። የመሪ ማቆሚያውን ቡሎን አስተካክለው ገላገሉን።

ባላንስ ያሠራሁበት ሌላ ቤት ደህና ነው፣ ማሽኑም አዲስ ነው፣ ግን አቧራውን ሳይጠርጉ የማመጣጠኛ እርሳስ ስለለጠፉ አንዱ ወደቀና ተመልሼ መሄድ ነበረብኝ።

ሌላው ፍጥነት ነው። የድሮው ጎማ 235/75 15፣ አዲሱ 265/70 16 ስለሆነ ቁመቱ ወደ 6 በመቶ ጨምሯል፣ ስለዚህ ቆጣሪው 80 ሲል መኪናው 85 አካባቢ ነው የሚሄደው። ለአባባ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

100 ኪሎሜትር ያህል ከነዳን በኋላ ጋሼ ዳዶዎቹን በቶርክ መፍቻ (የሚጠብቅበትን ልክ በሚለካ መፍቻ) ደገሟቸው፣ ሁለቱ ትንሽ ላልተው ነበር። አሁን የቀረው ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ነው። የድሮው ትንሽ ስለሆነ፣ አምስተኛ ቸርኬ እስኪገኝ ድረስ ቢገባም ቅርብ ጎሚስታ ለመድረስ ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ፎር ዊል ሳይገባ።