በ«ሰው ቀን» ሂሳብ ለምታስገነቡ ሁሉ፦ ተጠንቀቁ

ደሴ ላይ በተዳፋት ቦታ ቤት ያለው ሰው ክረምት ሳይገባ የድጋፍ ግንብ ማስገንባት ግዴታው ነው፤ ይህን ጥድፊያችንን የሚያውቁ ተቋራጮችም የእጅ ዋጋውን በሜትር ኩብ ከመቁረጥ ይልቅ «በሰው ቀን እንተሳሰብ» ማለት ይቀናቸዋል። ስሌቱ በራሱ ነውር የለበትም፤ በየዕለቱ ሥራ ላይ የዋሉት ሰዎች ይቆጠራሉ፣ የየቀኑ ቁጥር ይደመራል፣ ድምሩም በአንድ ሰው የቀን ሂሳብ ይባዛል። በተፋሰስ ሥራ እርከን የሠራ የወሎ ገበሬ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል።

ትናንት ማምሻውን የእኔን ግንብ ከሠራው ተቋራጭ ጋር ለሂሳብ ስንቀመጥ ግን ሰውየው የየዕለቱን ቁጥር የሚያሳይ መዝገብ አልያዘም ነበር። ስልኩን አውጥቶ 12 ጻፈ፣ በ20 አባዛው፣ 240 የሚለውን ወደ እኔ አዙሮ መስታወቱን በጥፍሩ ቆረቆረው። 12 ሰው የመጣው መሠረቱ በተቆፈረባቸው 3 ቀናት ብቻ ሲሆን፣ በቀሩት 17 ቀናት ግንቡን ያነሱት 2 ግንበኞችና 3 ረዳቶች ናቸው። 36 እና 85 ሲደመር 121 ነው፤ ያውም የበልጉ ዝናብ ከቀትር በፊት የበተናቸውን ቀናት እንደ ሙሉ ቆጥሬ። ደግሞስ 2 ግንበኛ ባለበት ቦታ 10 ረዳት ምን ሊሠራ ነው? ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከመዋል በቀር።

የሠራተኞቹን ሻይና ዳቦ የምችለው እኔ ስለነበርሁ፣ ከማዶ ካለው ሻይ ቤት የዱቤ ደብተሩን አስመጥቼ የየቀኑን ቁጥር አሳየሁት። ገልጦ እንኳ አላየውም። ደብተሩን በጣቱ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሻይ ያልጠጣ ሰው አልሠራም ያለው ማነው?» አለኝ፤ አብሮት የመጣው ፎርማንም ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ይህ ፎርማን በየጠዋቱ በእኔ ሂሳብ ሁለተኛ ብርጭቆ ሲያስቀዳ የነበረ ሰው ነው።

ውሉ «ክፍያው በሰው ቀን ይታሰባል» ከማለት በቀር ቆጠራውን ማን እንደሚይዝ ስለማይናገር፣ ሠራተኞቹም ገንዘባቸውን በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ስለነበር ከፈልሁ። ትርፉ ለእነርሱ እንዳልደረሰ ግን እርግጠኛ ነኝ።

በየምሽቱ የዋለውን ሰው ቁጥር ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። አንድ ቀን ስንት ሰዓት እንደሆነም በውሉ ይግባ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 አይበልጥም። ከተቻለ ግን በሜትር ኩብ ተዋዋሉ።