ዩዝድ ቱ ኢን ዋን (ኪቦርዱ የሚነቀል ላፕቶፕ) ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ የፊደል ስህተት ካለ እለፉኝ። ያው ታውቋቸዋላችሁ፣ ከትልልቅ ድርጅት የወጣ ነው፣ ቢዝነስ ክላስ ነው፣ እንደ አዲስ ነው የሚሉትን። እኔም ለስራ ነበር የፈለግኩት፣ ደንበኛ ጋ ስሄድ ኪቦርዱን ነቅዬ ስክሪኑን ብቻ ይዤ ልገባ፣ ስመለስ ሰክቼ ልጽፍበት። ዕቃው ራሱ ምንም አይወጣለትም።

ሱቁ ውስጥ የሚሸጠው ልጅ ከፍቶ ሲያሳየኝ ዊንዶውሱ ተነስቶ ዴስክቶፑ ላይ ነበር። ዋይፋይ አገናኘው ስለው "ዛሬ ኔትወርክ የለም፣ ቤትሽ ታገናኚዋለሽ" አለኝ። ይህን ሲለኝ እኮ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ነው!

ቤት ወስጄ የሌላ ሰው ፋይል እንዳይኖርበት ብዬ ሪሴት አደረግኩት፣ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ እንዲነሳ። ተነስቶ ዋይፋይ ሲያገኝ የማላውቀው ካምፓኒ ስም አምጥቶ የስራ ኢሜይልና ፓስዎርድ ጠየቀኝ። ለካ ዊንዶውስ አውቶፓይለት የሚባል ነገር አለ፣ ድርጅቶች የሰራተኞቻቸውን ኮምፒውተር የሚመዘግቡበት፣ ምዝገባው ደግሞ ዲስኩ ላይ ሳይሆን ኢንተርኔት ላይ ድርጅቱ አካውንት ውስጥ ስለሆነ ዊንዶውስ ከፍላሽ ብትጭኑም ዲስክ ብትቀይሩም ተመልሶ ይመጣል። ድርጅቱ ራሱ ከመዝገቡ ካላወጣው በስሙ እንደተመዘገበ ይቆያል።

ይዤው ተመለስኩ። ስክሪኑን አዙሬ አሳየሁት። አልደነገጠም። ምን ሆኖ ነው አላለም፣ እስቲ ልየው አላለም። መጀመሪያ ከአፉ የወጣው "ማን ሪሴት አድርጊው አለሽ?" ነው። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ፣ ያውቃል! ያለ ኢንተርኔት ጭነው፣ እያወቁ ነው የሸጡልኝ። ከዛ ተቀበለኝና ኪቦርዱን ነቀለ፣ መልሶ ሰካው፣ ማግኔቱ ጠቅ አለ፣ "ይኸው ይሰራል፣ ዋስትናችን ለሃርድዌር ነው፣ ሶፍትዌር አይመለከተንም የኔ እህት" ብሎ በአንድ ጣቱ ወደኔ ገፋው። በአንድ ጣቱ! አለቃህን ጥራልኝ ስለው ለካ አለቅየው እዛው ነው የቆመው፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ "መጠቀም ለማይችል ሰው አትሽጡ እያልኳችሁ" አለና ከሌላ ደንበኛ ጋር ወሬውን ቀጠለ። ለዛ ሰውዬም ያንኑ ሞዴል ነበር የሚያሳዩት፣ ኔትወርክ የለም ሲሉት በጆሮዬ ሰማሁ።

ከምዝገባው እንዲላቀቅ ማዘርቦርዱን (ዋናውን ቦርድ) ቀይሪ ያለኝ ሰው አለ። የዚህ አይነቱ ፕሮሰሰሩም ራሙም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ ስክሪኑ በማጣበቂያ ስለተያዘ ሲከፈት የመሰንጠቅ ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ሌላ መግዛት ይሻላል።

ብቻ ስትገዙ እዛው ፊታችሁ ሪሴት ይደረግ፣ በራሳችሁ ስልክ ሆትስፖት አገናኙትና ዴስክቶፕ እስኪደርስ ጠብቁ። እምቢ ካሉ ጥላችሁ ውጡ። ባዮሱም (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ፓስዎርድ እንዳይኖረው እዩ።

እኔ ስሙ ለመጣው ድርጅት ሴሪያል ቁጥሩን አያይዤ ኢሜይል ልኬያለሁ። የተሰረቀባቸው ከሆነ ከማን እንደገዛሁት እነግራቸዋለሁ።