ሪፒተር ወይስ ኬብል? ማታ ማታ ፊልም ለሚቆምባችሁ

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ማታ ማታ ፊልሙ እየቆመ አስቸገረን፣ ሪፒተር እንግዛ?» አትግዙ። የራውተሩን ዋይፋይ ተቀብሎ ራቅ ወዳለ ክፍል ከሚያቀብለው ከዚህ ዕቃ ይልቅ፣ ከራውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ የሚዘረጋ የኢንተርኔት ኬብል ግዙ።

የምንኖረው አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ራውተሩ በር አጠገብ፣ ቴሌቪዥኑ ሳሎን ጥግ፣ መሀል ላይ የብሎኬት ግድግዳ። ማታ ልጆቹ ዩቲዩብ ሲከፍቱ፣ ባለቤቴ ከእህቷ ጋር በቪዲዮ ስታወራ፣ ፊልሙ ቀጥ ይላል።

መጀመሪያ በ1,800 ብር ሪፒተር ገዛሁ። የዋይፋዩ ምልክት ሞላ፣ ፊልሙ ግን ያው ነው። ርካሹ ሪፒተር ከራውተሩ የሚቀበለውም ለቴሌቪዥኑ የሚያቀብለውም በአንድ ሬዲዮ ስለሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። በአራተኛው ወር ጭራሽ ጠፋ። ጠጋኙ ልጅ ፈታውና «ወንድሜ፣ ይሄን እየው» አለኝ። ከሁለቱ አንቴናዎች አንዱ ባዶ ፕላስቲክ ነው፣ ሽቦ የሚባል ነገር የለውም። ሻጩ ደግሞ ጋራንቲው አንድ ወር ብቻ ነው ብሎ መለሰኝ።

ኬብሉን ስሙ። 18 ሜትር በ45 ብር፣ 810። ሁለት ኮኔክተር 40። የገጠመልኝ ልጅ 300። በጠቅላላው 1,150 ብር! ፊልሙ ከዚያ ወዲህ ቆሞ አያውቅም፣ ቴሌቪዥኑ ከዋይፋዩ ላይ ስለወረደም የልጆቹ ስልክ ፈጠነ። ግድግዳም አልበሳንም፣ ዞኮሎውን ተከትሎ ነው የሄደው።

ውድ ኬብል ሊሸጡላችሁ ይሞክራሉ። አትስሟቸው፣ ካት 5ኢ (Cat 5e) የሚባለው የተለመደው የኢንተርኔት ኬብል ይበቃል። ኔትፍሊክስ ራሱ ለፎርኬ (4K)፣ ማለትም በጣም ጥራት ላለው ምስል፣ የሚጠይቀው በሰከንድ 15 ሜጋ ቢት ነው፣ ይሄ ኬብል ደግሞ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1,000 ሜጋ ይሸከማል። የምትጠነቀቁት ከኮፒው ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍ ይሰበራል።

አከራይ ኬብል አይዘረጋም ካላችሁ፣ ያኔም ሪፒተር ሳይሆን 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ያለው ራውተር ፈልጉ። እኔን 8,500 ብር ብለውኛል፣ ያማል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን በተለመደው የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ ይጋፋችኋል፣ ሞገዱ ከሚከፈልባቸው ቻናሎች የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። 5 ጊጋኸርዝ ብሎኬት ሲያቋርጥ ስለሚዳከም ራውተሩን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉት።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ ያንኑ ፊልም በስልክ ክፈቱት። እዚያም ከቆመ ችግሩ ቤት ከሚገባው የኢንተርኔት መስመር ነው፣ ኬብልም ራውተርም አያድነውም።

ኬብል ስታስለኩ ደግሞ ሁለት ሜትር አስጨምሩ። 90 ብር ናት፣ ቴሌቪዥኑን ቦታ ስትቀይሩ አዲስ ከመግዛት ታድናችኋለች።